«ለትንሹ ፓርቲ ብሰጥ ድምፄ የት ይገባል?»

ምርጫ ሲቃረብ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ፣ የዚህ ወር ግን ለየት ይላል፣ በርከት ያላችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ዓይነት ነገር ነው። አዲስ የተቋቋመ፣ ፓርላማ ገብቶ የማያውቅ፣ ራሱን ወግ አጥባቂ ብሎ የሚጠራ ትንሽ ፓርቲ መጥቶ ምረጡኝ ሲላችሁ ምን ታድርጉ? የምትኖሩበት አገርም ፓርቲውም ስለሚለያይ የናንተን ፓርቲ ስም አንስተን ምረጡ አትምረጡ አንልም። ግን እንዲ ዓይነት ፓርቲዎች በሌላ አገር ምን ገጠማቸው፣ የመረጣቸውስ ሰው ምን አገኘ የሚለውን በስም በቁጥር እንናገራለን፣ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው ብለን ስለምናምን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መምረጥ ከጀመርኩ ጀምሮ ድምፄን የሰጠሁት ለአንድ ፓርቲ ነው፣ ለትልቁ የቀኝ ፓርቲ ማለቴ ነው። አሁን ግን ሰለቸኝ። ከምርጫ በፊት ስለ ቤተሰብ ያወራሉ፣ ከምርጫ በኋላ ስልክ እንኳ አያነሱም። ባለፈው ሳምንት የአዲሱ ፓርቲ ልጆች በራችንን አንኳኩተው ገቡና ቁጭ ብለው አዳመጡኝ፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝ፣ የምለውን እየጻፉ ያዙ። እውነት ለመናገር ልቤ ተነካ። ባለቤቴ ግን «ለነሱ ከሰጠሽ ለግራዎቹ እንደሰጠሽ ቁጠሪው» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ መነካቱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ስንት ዓመት ድምፅ ሰጥቶ የሚሰማው ያጣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሲያገኝ ደስ ባይለው ነው የሚገርመው። የባለቤትሽ አባባል ደሞ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም፣ አንዳንድ አገር ላይ ልክ ነው፣ አንዳንድ አገር ላይ ግን ጭራሽ አይሰራም። ልዩነቱን የሚያመጣው ያንቺ አገር ድምፅ የሚቆጥርበት መንገድ ነው፣ ፓርቲው ጥሩ ሆነ መጥፎ ሆነ እዚ ላይ ምንም አይቀይርም።

አገርሽ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የሚከተል ከሆነ፣ ማለትም በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ አንድ ሰው ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁለተኛ የወጣውም መጨረሻ የወጣውም እኩል ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት። እንግሊዝን ተመልከቺ። በፈረንጆቹ 2015 ዩኪፕ የሚባለው ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ባይ ፓርቲ ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ፣ 12.6 በመቶ ማለት ነው፣ ፓርላማ የገባለት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በዛው ምርጫ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ 1.45 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ይዞ 56 መቀመጫ ወሰደ። እንዴት ቢሉ የስኮትላንዶቹ ድምፅ አንድ አካባቢ የተሰበሰበ ነው፣ የዩኪፕ ግን በመላ አገሪቱ እንደ ጨው ዘር ተበትኖ በ120 የምርጫ ክልሎች ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ሁለተኛ ደሞ ምንም የለውም። በ2024ም ሪፎርም ዩኬ የሚባለው አዲስ የቀኝ ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 መቀመጫ ሲደርሰው ሊበራል ዴሞክራቶቹ በ12.2 በመቶ 72 ወሰዱ። ስለዚ በራችሁን ያንኳኩትን ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቂያቸው «በመላ አገሪቱ ስንት በመቶ አላችሁ» ብለሽ ሳይሆን «እዚህ በኛ የምርጫ ክልል ስንተኛ ናችሁ» ብለሽ ነው።

ባለቤትሽ የፈራው ነገር በደንብ የታየው ካናዳ ውስጥ ነው። በ1987 ሪፎርም የሚባል አዲስ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በፕሬስተን ማኒንግ መሪነት ተቋቋመ፣ በ1988 ምርጫ አንድ መቀመጫ እንኳ አላገኘም፣ በ1993 ግን በአንዴ 52 ሆነ። ነባሩ የቀኝ ፓርቲ ደሞ በ1988 ካሸነፈው 169 መቀመጫ ወደ 2 ወረደ፣ አዎ ሁለት፣ 16 በመቶ ድምፅ ይዞ ነው ታዲያ። ሁለቱ ፓርቲዎች ለዓመታት አንዱ የሌላውን ድምፅ ሲቆርጥ ሊበራሎቹ፣ ማለትም የመሀል ግራው ትልቅ ፓርቲ፣ 1993፣ 1997 እና 2000 ተከታትለው አሸነፉ። ሚዛናዊ ለመሆን፣ በ1993 ሊበራሎቹ መከፋፈሉ ባይኖርም የማሸነፍ እድላቸው ትልቅ ነበር፣ ሕዝቡ በነባሩ ፓርቲ ተማሮ ነበርና። በ1997 ግን ኦንታርዮ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ከግማሽ ትንሽ ባነሰ ድምፅ ከ103 መቀመጫ 101ዱን ወሰዱ፣ እዛ ላይ የቀኙ መከፈል ያደረገውን ነገር ማንም አይክድም።

ይሄን የሰማ ሰው ታዲያ በቃ ለትንሽ ፓርቲ መስጠት ከንቱ ነው ይላል። ሞሪስ ዱቬርዤ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ገና በ1951 የጻፈው ነገር ነው፣ እንዲ ዓይነት ሥርዓት ባለበት አገር ሰው ድምፄ እንዳይባክን ብሎ ስለሚፈራ ወደ ሁለቱ ትላልቆች ይሰበሰባል ብሎ። ግን ሌላም ገጽታ አለው። ዩኪፕ አንድ መቀመጫ ብቻ አገኘ ብዬሻለሁ፣ የፈለገው ነገር ግን ተሳክቶለታል። የእንግሊዝ ትልቁ የቀኝ ፓርቲ፣ የኮንሰርቫቲቮቹ፣ መሪ ዴቪድ ካሜሮን በ2013 መጀመሪያ ላይ ህዝበ ውሳኔ እጠራለሁ ብለው ቃል ሲገቡ አንዱ ምክንያታቸው ድምፅ ወደ ዩኪፕ እየፈሰሰባቸው መሆኑ ነበር፣ በ2016 ህዝበ ውሳኔው ተደርጎ 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። መቀመጫ ሳይኖር አጀንዳ ማስፈጸም ማለት ይሄ ነው። የሚሰራው ግን ትልቁ ፓርቲ የምር ሲፈራ ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ቢኮበልልበት ዞሮም አያይሽ።

አሁን አገርሽ የተመጣጣኝ ውክልና የሚጠቀም ከሆነ፣ ማለትም ፓርቲ መቀመጫ የሚያገኘው ባገኘው ድምፅ ልክ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ 150 መቀመጫ አለ፣ የአንዱን መቀመጫ ድርሻ፣ ማለትም 0.67 በመቶ ያህል ያገኘ ይገባል። ኤስጂፒ የሚባለው በ1918 የተመሰረተው የፕሮቴስታንት ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከ1922 ጀምሮ ከፓርላማ ወጥቶ አያውቅም፣ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይ በ3 መቀመጫ ነው የሚኖረው፣ መራጩም ያውቀዋል እሱም መራጩን ያውቃል። እዛ ብትሆኚ የባለቤትሽ ነገር አይሰራም። የመግቢያ ገደብ ካለ ግን ተጠንቀቂ። ኒውዚላንድ ውስጥ ፓርቲ ለመግባት 5 በመቶ ማግኘት ወይ አንድ የምርጫ ክልል ማሸነፍ አለበት። በ2014 ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የሚባለው አዲስ ፓርቲ 3.97 በመቶ አገኘ፣ ከ95 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው፣ መቀመጫ ግን ዜሮ። አክት የሚባለው ሌላው የቀኝ ፓርቲ ደሞ ከ17 ሺህ ያነሰ ድምፅ ይዞ አንድ መቀመጫ አገኘ፣ ኤፕሰም በሚባል የምርጫ ክልል እጩው ስላሸነፈ ብቻ። ጀርመንም በ2013 እንደዛው፣ ነፃ ዴሞክራቶቹ 4.8፣ በዛው ዓመት የተመሰረተው አማራጭ ለጀርመን 4.7፣ ሁለቱም ከ5 በመቶው ትንሽ ጎድሎባቸው ውጭ ቀሩ። ትልቁ የቀኝ ፓርቲ፣ የያኔዋ የአገሪቱ መሪ የአንጌላ ሜርክል ፓርቲ፣ 41.5 በመቶ አግኝቶ ለብቻው ለማስተዳደር 5 መቀመጫ ጎደለውና ከግራ ዘመሙ ሶሻል ዴሞክራት ጋር መንግስት መሰረተ። ለቀኝ ብለው ድምፅ የሰጡ ሰዎች ውጤቱ ይሄ ሆነባቸው።

ሶስተኛ ዓይነት አለ፣ እንደ አውስትራሊያ። እዛ ከ1918 ጀምሮ ለታችኛው ምክር ቤት መራጩ እጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ነው ቁጥር የሚሰጣቸው። ትንሹን ፓርቲ 1 ብለሽ ትልቁን 2 ብትይ፣ ትንሹ ሲወድቅ ወረቀትሽ ሙሉ ዋጋውን ይዞ ወደ ትልቁ ይሻገራል። እንዲ ከሆነ ከባለቤትሽ ጋር የምትጨቃጨቁበት ነገር የለም፣ ልብሽ ያለውን አንደኛ አድርጊ።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የምርጫ ክልሌን ያለፈውን ውጤት አውጥቼ በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል ያለውን ልዩነት አያለሁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ድምፅሽ ማንንም አይጥልም ማንንም አያነሳም፣ ስለዚ መልእክት አድርገሽ ብትልኪው ነፃ ነሽ። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ግን ባለቤትሽን ስሚው። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ለትልቁ ፓርቲ እጩ ደውለሽ ወይ ጽፈሽ ለምን ልትለቂያቸው እንዳሰብሽ ንገሪያቸው፣ ዝም ብሎ የሄደ መራጭ ለምን እንደሄደ ማንም አያውቅለትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የኔ ነገር አጭር ነው። ይሄ አዲስ ፓርቲ ቤተሰብ፣ እምነት፣ ወግ ይላል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያመንኩት ይሄንኑ ነው። ልጄ ግን «አባዬ፣ ማኒፌስቷቸውን ሳታነብ እንዳትወስን» እያለች ታስቸግረኛለች። ያመንኩበትን የሚል ከተገኘ ምን ንባብ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ልክ ናት፣ ደስ ይበልዎት በእንዲ ዓይነት ልጅ።

«ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። አንዱ ግብር ይቀነስ፣ መንግስት እጁን ይሰብስብ የሚል ነው፣ ሌላው ጡረታና የቤተሰብ ድጎማ አይነካብን የሚል ነው፣ ሌላው ስለ ኢኮኖሚ ብዙም ግድ ሳይኖረው የእምነትና የቤተሰብ ህግ ላይ ብቻ የሚያተኩር ነው፣ ሌላው ድንበርና ስደተኛ ነው ጉዳዩ። እነዚህ ሁሉ ቤተሰብ፣ እምነት፣ ወግ ይላሉ፣ ቃሉ አንድ ነው ሥራው ግን አራት ቦታ ይሄዳል። እርስዎ ጡረተኛ ነዎት፣ ግብር እንቀንሳለን ያለ ፓርቲ ገንዘቡን ከየት እንደሚያጎድል ካልጠየቁት ከእርስዎ ጡረታም ሊሆን ይችላል። ቅስቀሳ ላይ ይሄን የሚነግርዎት የለም፣ ማኒፌስቶው ላይ ግን፣ ካለ፣ ይገኛል። ከሌለ ደሞ አለመኖሩ ራሱ ትልቅ መልስ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአዲስ ፓርቲ ባህርይ ገና አልረጋም። ያ የጀርመኑ አማራጭ ለጀርመን በ2013 ሲመሰረት ዋናው ሰው በርንድ ሉከ የሚባሉ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ ጉዳያቸውም ዩሮና ዕዳ ያለባቸውን አገሮች ማዳን ነበር፣ አሰልቺ የሚባል ዓይነት የገንዘብ ክርክር። በ2015 ሉከ በፍራውከ ፔትሪ ተሸንፈው ከፓርቲው ወጡ፣ ፓርቲውም ፊቱን ወደ ስደተኞች ጉዳይ አዞረ። ፔትሪም በተራቸው በ2017 ፓርቲው 12.6 በመቶ አግኝቶ ፓርላማ እንደገባ ወዲያው ጥለው ሄዱ። በ2013 ስለ ዩሮ ብሎ የመረጠ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ያገኘው ሌላ ፓርቲ ነው ማለት ይቻላል፣ መሪዎቹ ሄደዋል፣ ጉዳዩ ተቀይሯል፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ነባር ፓርቲም ይለወጣል፣ ግን እንዲ ቶሎ አይለወጥም፣ የሚይዘው የቆየ አባልና የቆየ ልማድ ስላለው።

ሶስተኛ፣ ይሄኛውን በተለይ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ ጋሼ፣ ትንሽ ፓርቲ ቢገባ የሚገባው በአንድ ወይ በሁለት ሰው ነው። ስለዚ ጥያቄው አገር ቢመሩ ምን ያደርጋሉ ሳይሆን አንድ ወንበር ይዘው ምን ያደርጋሉ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ፋሚሊ ፈርስት፣ ትርጉሙ ቤተሰብ ይቅደም ማለት ነው፣ በ2004 ስቲቭ ፊልዲንግ የሚባል አንድ ሴናተር፣ ማለትም የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ አስመረጠ። ቪክቶሪያ ክልል ላይ በቀጥታ ያገኘው ድምፅ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ የገባው ከሌሎች ፓርቲዎች ተሻግሮ በመጣለት ድምፅ ነው፣ እንደዛ በፓርቲዎች ስምምነት ድምፅ የሚሻገርበት አሰራር በ2016 ለሴኔት ቀርቷል። ከ2008 አጋማሽ ጀምሮ ግን መንግስት ሴኔት ውስጥ አብላጫ ስላልነበረው የፊልዲንግ አንድ ድምፅ ወርቅ ሆነ። በ2009 መንግስት ወጣቶች የሚወዷቸውን ጣፋጭ የአልኮል መጠጦች ላይ የጨመረውን ግብር በሕግ ሊያጸድቅ ሲል ሰውየው የአልኮል ማስታወቂያ ይገደብ የሚል ነገር ስለፈለገ ተቃውሞ ሕጉን ጣለው። እንግዲህ ስለ ቤተሰብ ብሎ የመረጠው ሰው ግማሹ ደግ አደረገ ይላል፣ ግማሹ ደሞ ልጆቻችንን ከአልኮል የሚያርቅ ግብር እንዴት ይጥላል ይላል፣ ሁለቱም ስለ ቤተሰብ ነው የሚያወሩት። ቃሉ እዚ ድረስ ብቻ ነው የሚያደርስዎት፣ ከዛ በኋላ ያለውን የሚወስነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚ እጩውን ራሱን ያግኙት፣ «አንተ ብቻህን ብትገባ ለማን መንግስት ትቆማለህ፣ በምንስ ልዋጭ?» ይበሉት። ሲመልስ ከተንተባተበ አላሰበበትም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ይሄን ፓርቲ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ስብሰባ ላይ ሄጄ ነው የተዋወቅኩት፣ አሁን አባል ሁን፣ ገንዘብ አዋጣ፣ እንደውም እጩ ብትሆን ጥሩ ነው እያሉኝ ነው። ደስ ብሎኛል ግን ፈጠነብኝ። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ፈጠነብኝ ያልከው ልክ ነው፣ ትንሽ ፓርቲ ሰው ስለሚያጥረው ገና ሳያውቅህ እጩ ሊያደርግህ ይችላል፣ ይሄ ክፋት አይደለም ግን አንተን ይጎዳሃል።

መጀመሪያ የምትጠይቀው ፓርቲው የማን ነው የሚለውን ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2023 ምርጫ አንደኛ የወጣው የነፃነት ፓርቲ ሕጋዊ አባሉ አንድ ሰው ነው፣ መሪው ኼርት ዊልደርስ፣ ሌላ ሰው አባል መሆን አይችልም። ሪፎርም ዩኬም ለዓመታት በኩባንያ መልክ የተመዘገበ ሆኖ አብዛኛው ድርሻ የመሪው የናይጀል ፋራጅ ነበር፣ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ። ሁለቱም ብዙ ድምፅ አግኝተዋል፣ ስለዚ አይሰራም እያልኩህ አይደለም። ግን አባል ሆነህ ገንዘብ ስታዋጣ መሪ የመምረጥም የማውረድም ድምፅ አለህ ወይ? መተዳደሪያ ደንቡን አሳዩኝ በላቸው። በአንድ ሰው ገንዘብና ስም የቆመ ፓርቲ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያ ቅድም የጠቀስነው የኒውዚላንድ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ባለሀብት የሆነው መሪው በ2015 ሲለቅ ተንኮታኮተ፣ በ2017 ያገኘው 0.2 በመቶ ገደማ ነው፣ በሶስት ዓመት ጊዜ ከ3.97 ወርዶ ማለት ነው። እነዛ ፖስተር ሲለጥፉ የከረሙ ልጆች ምን ተሰማቸው ብዬ አስባለሁ።

ከዛ ገንዘቡ። እጩ ስትሆን የሚያዝ ማስያዣ ካለ ማን ነው የሚከፍለው? እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ 500 ፓውንድ ነው፣ ከምርጫ ክልሉ ድምፅ 5 በመቶ ካላገኘህ አይመለስልህም። ከኪስህ ከሆነ አስቀድመህ እወቀው። በሌላ በኩል አንዳንድ አገር ፓርቲው ባይገባም ድምፅ ገንዘብ ነው። ጀርመን ውስጥ በፌደራል ምርጫ 0.5 በመቶ ያገኘ ፓርቲ ከመንግስት በጀት ድጎማ ያገኛል። ስለዚ ፓርቲው እንደማይገባ እያወቀ አጥብቆ የሚቀሰቅስ ከመሰለህ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ሕጋዊ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም፣ ግን ለመራጩ ልንገባ ነው እያሉ እንዳይዋሹ አንተ ውስጥ ሆነህ መቆም አለብህ። አባልነቱን ያዝ፣ አንድ የምርጫ ጊዜ በበጎ ፈቃድ ስራ፣ እጩነቱን ለሚቀጥለው አቆየው። ያኔ ፓርቲው ካለ አንተም ታውቃቸዋለህ እነሱም ያውቁሃል።

ጥያቄ፦ ፓርቲው የሚበትነው ወረቀት ላይ በህዝብ አስተያየት ጥናት 6 በመቶ አለን ይላል። የኛ አገር መግቢያ 5 በመቶ ነው። ታዲያ ገባ ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም። አንድ ሺህ ሰው ተጠይቆ 6 በመቶ ከተገኘ፣ ጥናቱ በትክክል የተሰራ ቢሆን እንኳ ትክክለኛው ቁጥር ከ4.5 እስከ 7.5 መሀል ሊሆን ይችላል። ማን አሰራው፣ መቼ፣ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ያልወሰኑት ሰዎችስ ተቆጥረዋል ወይስ ተጥለዋል የሚለው ወረቀቱ ላይ ከሌለ ቁጥሩ ላይ እምነት አትጣዪ። አንድ ጥናት ብቻ መርጠው ከሆነ ደሞ ከሌሎቹ ትልቁን ይሆናል የመረጡት፣ ሁሉም ፓርቲ የሚያደርገው ነው። ከተለያዩ ድርጅቶች የወጡ አራት አምስት ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እይ፣ ሁሉም ላይ ከ5 በላይ ከሆነ ተስፋ አለው።

ጥያቄ፦ ለትንሹ ፓርቲ ሰጥቼ ከምርጫው በኋላ ከትልቁ ጋር ቢዋሃድስ? ከትልቁ ለመሸሽ ብዬ ነው እኮ የሄድኩት።

መልስ፦ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ሆኗል፣ ቃል ቢገቡልህም እንኳ። ካናዳ ውስጥ በ2003 የነባሩን የቀኝ ፓርቲ መሪነት ሲወዳደር የነበረው ፒተር ማኬይ ከሪፎርም ወራሽ ጋር አንዋሃድም ብሎ ከአንዱ ተወዳዳሪ ጋር በጽሁፍ ተፈራርሞ ነው ያሸነፈው፣ ፊርማው ግንቦት ላይ ነው፣ ጥቅምት ላይ የውህደቱ ስምምነት ይፋ ሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ፓርቲ ሆኑ። ከ2006 ጀምሮ ያ የተዋሃደው ፓርቲ በስቲቨን ሃርፐር መሪነት አገር መራ፣ ስለዚ ለቀኙ በጠቅላላ ካየኸው ጠቅሞታል። ላንተ ግን ዋናው ከትልቁ መሸሽ ከሆነ ደንባቸው ላይ ውህደት በአባላት ድምፅ ነው የሚወሰነው ወይስ በመሪዎች ስምምነት የሚለውን እይና አባል ሁን፣ ከውጭ የሰጠ መራጭ በዛ ቀን አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ እባካችሁ ይሄን አትሙልኝ። እናቴ ለዚህ አዲስ ፓርቲ ልትሰጥ ነው። እኔ የምታገልለትን ነገር ሁሉ የሚቃወሙ ናቸው፣ ስለ ሴቶች የሚሉት ነገር ያንገበግበኛል። ብዙ ነገር ተናገርኳት፣ እሷም ተናገረችኝ፣ አሁን ሁለት ሳምንት ሆነን ሳንነጋገር። እንዴት ነው የምመልሳት?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ቁጣሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የኔዘርላንድሱ ኤስጂፒ እንኳ፣ ያን ያህል ዓመት ፓርላማ የቆየው፣ ሴቶችን እጩ አላደርግም ብሎ እስከ 2013 ድረስ ደንቡን አልቀየረም፣ የቀየረውም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይሄ ነገር መቆም አለበት ካለ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2012 አቤቱታቸውን ካልተቀበለ በኋላ ነው። ስለዚ እናትሽ የምትመርጠው ፓርቲ ስለ ሴት እጩዎች ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስድብ አይደለም።

ግን እንዴት ነው የምመልሳት ካልሽኝ፣ የእናትሽ ድምፅ የእናትሽ ነው፣ መላሽ ሆነሽ ከገባሽ አትሰማሽም። እስካሁን የተናገርሽው ሁሉ ስለ ፓርቲው ይመስለኛል፣ ስለ እሷ አይደለም። የበፊቱ ፓርቲ ምን አጎደለባት? እነዚህ ሰዎች ምን ሲሏት ነው ልቧ የሄደው? የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ጸሀፊ እናት መልሰሽ አንብቢያት፣ ቁጭ ብለው ስላዳመጧት ነው እኮ፣ እናትሽም ከሷ ብዙ የምትለይ አይመስለኝም። አንቺም እንደዛ አዳምጪያት፣ ሳትመልሺ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት። ከዛ በኋላ ያንቺን ብትነግሪያት ትሰማሻለች፣ ሃሳቧን ባትቀይርም። ዛሬውኑ ደውዪላት ግን፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ አንዳችሁ ደስ ብሏት አንዳችሁ ከፍቷት ስትገናኙ እርቁ ይከብዳችኋል።

(ደብዳቤሽን አትሙልኝ ስላልሽ ማንነትሽን የሚያሳየውን ሁሉ አውጥተን፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም እንድናወጣ በስልክ ከፈቀድሽልን በኋላ ነው ያተምነው።)